ዕጣ እና ፊርማ

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አባቷ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ተገኝቶባቸው ሕክምና ሊጀምሩ ነው። ሐኪሞቹ «አንድ ጥናት አለ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ መግባት ይችላሉ» ብለው ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ሰጥተዋቸዋል። ወረቀቱ ላይ «የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኙ የሚለየው በዕጣ ነው» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ የፊርማ ቦታ አለ። ልጅቷ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ሰው በዕጣ ይታከማል እንዴ? አባቴን እንደ ላብራቶሪ አይጥ ሊሞክሩባቸው ነው?»

ስሟን ሳልጠቅስ ለሁላችሁም እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። አባቷ ይግቡ ወይም አይግቡ የምለው ነገር የለኝም። ግን ዕጣውም ፊርማውም ከሰማይ አልወረዱም። የመጡበት ታሪክ አለ፤ እሱን ደግሞ ማስተማር እችላለሁ። ጽሑፉ ከአቦል እስከ በረካ የሚያደርስ ነውና ታገሱኝ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ሰው ታመመ፣ መድኃኒት ወሰደ፣ ዳነ። ያዳነው መድኃኒቱ ነው? ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ጉንፋን ይዞህ ዳማከሴ ጠጥተህ በሳምንቱ ብትድንስ? ሳትጠጣም በሳምንቱ ትድን ይሆናል እኮ። (ዳማከሴን እየነቀፍኩ አይደለም፣ እኔም እጠጣለሁ።) አንድ ሰው ዳነ ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ባይወስደው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህንን ለማወቅ ያልወሰደ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሌላው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት። የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

ይህን ቀድሞ በግልጽ ከሞከሩት አንዱ ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. 1747 «ሳልስበሪ» በተባለች መርከብ ላይ ስከርቪ የሚባለው በሽታ መርከበኞቹን እየጣላቸው ነበር። ድዳቸው ያብጣል፣ ይደማል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ሊንድ ሕመማቸው የሚመሳሰል 12 ሰዎች መረጠ፣ አንድ ቦታ አስተኛቸው፣ አንድ ዓይነት ምግብ አበላቸው፣ ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። አንዱ ጥንድ የፖም ጠጅ፣ አንዱ ኮምጣጤ፣ አንዱ የባሕር ውኃ እያለ ለየብቻ ሰጣቸው። አንዱ ጥንድ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ደረሰው። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፤ በስድስተኛው ቀን ግን ከሁለቱ አንዱ ተነስቶ ለሥራ ብቁ ሆኗል። ሊንድ ይህን እ.ኤ.አ. 1753 በመጽሐፍ አሳተመ። ባሕር ኃይሉ ለመርከበኞቹ የሎሚ ጭማቂ እንዲታደል ያዘዘው መቼ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. 1795! ከ42 ዓመት በኋላ። ቢሮክራሲ የኛ አገር ፈጠራ የሚመስለው ካለ ይህን ይያዝ።

የሊንድ ሥራ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረበት። ማን የትኛውን እንደሚወስድ የወሰነው ራሱ ነው። ያን ቀዳዳ የደፈነው ተማሪዬን ያስደነገጣት ዕጣ ነው። ይህ የሆነው ደግሞ በቲቢ ላይ ነው።

ቲቢን አያቶቻችን ያውቁታል። ደግሞም በየዘመኑ «መድኃኒቱ ተገኘ» ተብሎበታል። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ተዋሲውን እ.ኤ.አ. 1882 ያገኘ ትልቅ ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. 1890 «ፈውሱንም አገኘሁ» ብሎ ቱበርኩሊን የሚባል ነገር ሲያወጣ በሽተኛው ከየአገሩ ወደ በርሊን ጎረፈ። አላዳነም፤ እንዲያውም ብሶባቸው የሞቱ ነበሩ። በኋላ ደግሞ ከወርቅ የተሠራ መርፌ ለዓመታት ሲወጋ ኖረ። የሚወጉት ሐኪሞች ሌቦች አልነበሩም። የዳነውን እያዩ፣ ያልዳነውን «ዘግይቶ መጥቶ ነው» እያሉ ነው የቀጠሉት። ይህ ትልቅ ሰውን ሁሉ የሚጥል ወጥመድ ነው።

እ.ኤ.አ. 1943 አሜሪካ ውስጥ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ አልበርት ሻትስ የሚባል ወጣት ተማሪ በአለቃው በሴልማን ዋክስማን ላብራቶሪ ሲሠራ ከአፈር ውስጥ ካለ ረቂቅ ሕዋስ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። (የኖቤል ሽልማቱን እ.ኤ.አ. 1952 የወሰደው አለቃው ብቻ ነው። እሱ ሌላ ፖስት ይወጣዋል።) መድኃኒቱ የቲቢን ተዋሲ በላብራቶሪ ይገድላል። ሰው ላይስ?

ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዝ ደህይታ ነበር። መድኃኒቱ ያለው አሜሪካ ነው፣ ዶላር ደግሞ የለም። የተገኘችው ትንሽ መጠን ለአገሪቱ በሽተኛ ሁሉ በፍጹም የማትበቃ ነበረች። ገንዘብ ወይም ዘመድ ያለው ግን መንገድ አያጣም፤ ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል በወዳጆቹ ድጋፍ ከአሜሪካ አስመጥቶ ተወግቶታል። ሰውነቱ አልተቀበለውም፣ ቆዳው ተላጠ፣ ሕክምናው ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. ጥር 1950 በዚያው በሽታ ሞተ።

የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያቺን ትንሽ መድኃኒት ምን እናድርጋት ብሎ ተቀመጠ። ከፊሏን ያለ እሷ ሞታቸው ለማይቀረው የማጅራት ቲቢ ሕሙማን መደበ። እዚያ ዕጣ አልተጣለም፤ አማራጭ አልነበረምና። ለሳንባ ቲቢ ግን የተለየ ሐሳብ መጣ። ሐሳቡን ያመጣው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ይባላል። ይህን ሰው በጣም እወደዋለሁ። ሐኪም አልነበረም። ሐኪም መሆን ፈልጎ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ራሱ ቲቢ ይዞት ሁለት ዓመት ገደማ አልጋ ላይ ዋለ፣ ሕልሙ ቀረ። ከዚያ ተኝቶ ምን ተማረ? ኢኮኖሚክስ፣ በርቀት ትምህርት! በርቀት የምትማሩ ወዳጆቼ ይህችን ለሚንቃችሁ ንገሩልኝ። ከዚያ ወደ ስታቲስቲክስ ገባ።

ሂል ያለው በአጭሩ ይህን ነው፦ ለሁሉም የሚበቃ መድኃኒት የለንም። ስለዚህ የሚደርሰውና የማይደርሰው በዕጣ ይለይ። ያኔ ማዳኑን በእርግጠኝነት እናውቃለን። አጋጣሚውን ሳንጠቀምበት ብናልፍ ነው ጥፋቱ።

አሁን ዕጣው ለምን እንደሆነ በኛ ነገር ላስረዳ። እቁብ ለምን በዕጣ ይወጣል? ዳኛው ደግ ሰው ቢሆንም፣ «ዘንድሮ ለማን እንስጥ» ተብሎ ለሱ ቢተው ልቡ ያዘነለትን ያስቀድማል። ክፋት የለበትም፣ ሰው ስለሆነ ነው። ሐኪምም እንደዚሁ ነው። አዲሱን መድኃኒት ራሱ እያየ ቢሰጥ፣ አንዱ ሐኪም በጣም ለታመመው ያደላል፣ ሌላው ተስፋ ላለው ወጣት ያደላል። መጨረሻ ላይ የወሰዱት ቢድኑ መድኃኒቱ ይሁን ወጣትነታቸው በምን ይለያል? ዕጣ ግን ሀብታሙንም ድሃውንም፣ ጠጪውንም ጿሚውንም፣ ጠንካራውንም ደካማውንም ሳያውቅ በሁለቱም ወገን ይበትናቸዋል። ከሁሉ የሚገርመው፣ እኛ ያላሰብነውን፣ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ልዩነት ጭምር ይበትነዋል። ይህን ሐኪም ቢፈልግም በእጁ ሊያደርገው አይችልም።

ዕጣው ታዲያ ማንም የማይነካው መሆን አለበት። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ፣ ሰው እልል ካለ በኋላ ሲስተሙ ተነካክቷል ተብሎ የተሰረዘውን ታስታውሳላችሁ። ሂልም ይህን ፈርቷል። ስለዚህ ዕጣዎቹ ቀድመው ተዘጋጅተው በታሸገ ፖስታ ገቡ። ሐኪሙ በሽተኛውን «ለጥናቱ ይሆናል» ብሎ ካስመዘገበ በኋላ ብቻ ፖስታው ይከፈታል። ቀድሞ ማየት የለም።

ከእ.ኤ.አ. ጥር 1947 ጀምሮ 107 ሰዎች ገቡ። አብዛኞቹ የናንተ እኩዮች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ15 ጀምሮ እስከ 30 ድረስ ነው፤ በሽታው ሁለቱንም ሳንባቸውን የያዘው። 55ቱ አልጋ ላይ እረፍትና ስትሬፕቶማይሲን ደረሳቸው፤ በየስድስት ሰዓቱ መርፌ፣ ለአራት ወር። 52ቱ አልጋ ላይ እረፍት ብቻ። «ብቻ» ስል ጭካኔ እንዳይመስላችሁ፤ ለነሱ ዓይነት በሽተኛ በወቅቱ የነበረው ሕክምና ያ ነበር። የደረት ራጁን ያነበቡት ባለሙያዎች የትኛው ፊልም የማን እንደሆነ አያውቁም። ከስድስት ወር በኋላ ተቆጠረ። መርፌውን ከወሰዱት 55 ሰዎች 4 ሞተዋል። ካልወሰዱት 52 ሰዎች 14 ሞተዋል።

ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይቆጣሉ። «እነዚያ 14ቱ ምን አጠፉ?» ይላሉ። ትክክለኛ ቁጣ ነው፤ እኔም አላበርደውም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስሙት ግን። መርፌውን ከወሰዱት ውስጥ ብዙዎቹ ላይ ተዋሲው በወራት ውስጥ መድኃኒቱን ለመደ። በአምስት ዓመት ሲቆጠር ከወሰዱት 55 ሰዎች 32 ሞተው ነበር፤ ካልወሰዱት 52 ሰዎች ደግሞ 35። ልዩነቱ ቀልጦ ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። ያ ንጽጽር ባይኖር ዓለም «መድኃኒቱ ተገኘ» ብሎ አንዱን መርፌ ብቻውን ለሚሊዮኖች ይወጋ ነበር፣ ተዋሲውም በየአገሩ ይላመድ ነበር። ልምምዱን ስላዩ ወዲያው ስትሬፕቶማይሲንን ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምረው ሞከሩ፣ በዕጣ፤ ልምምዱ ቀነሰ። ዛሬ የቲቢ መድኃኒት አንድ ብቻ ሆኖ የማይሰጠው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗም «አንድ ቀን እንዳታቋርጡ» እያለች የምትጨቀጭቀው ከዚያ የመጣ ነው።

ዕጣው ይህ ነው። አሁን ፊርማው።

ከነዚያ 107 ሰዎች አንዱም አልፈረመም። መርፌ ያልደረሳቸው 52ቱ ጥናት ውስጥ መሆናቸውን እንኳ አልተነገራቸውም። ሐኪሞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ያኔ ለበሽተኛ መንገር የተለመደ አልነበረም፣ «ማስጨነቅ ነው» ይባል ነበር። አሁን ዓመቱን ልብ በሉልኝ። በዚያው በ1947፣ ነሐሴ ላይ፣ ኑረምበርግ ከተማ 23 ተከሳሾች የቀረቡበት የናዚ ሐኪሞች ችሎት ፍርድ ሰጠ። እስረኞችን በበረዶ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ በበሽታ በክለው «ምርምር» ያሉ ሐኪሞች ናቸው። ሰባቱ ተሰቀሉ። ዳኞቹ በፍርዱ ውስጥ ሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ 10 ነጥብ አስቀመጡ። የመጀመሪያው ነጥብ የሰውየው የገዛ ፈቃድ የግድ አስፈላጊ ነው የሚል ነው። ለንደን ዕጣውን ስትፈጥር፣ ኑረምበርግ ፈቃዱን ጻፈች። ሁለቱ ገና አልተገናኙም ነበር።

እስኪገናኙ ብዙ ሰው ተጎዳ። አሜሪካ፣ አላባማ፣ ተስኪጊ አካባቢ፣ የመንግሥት የጤና አገልግሎት ከእ.ኤ.አ. 1932 ጀምሮ 600 ጥቁር ወንዶችን መዘገበ፤ 399ኙ ቂጥኝ ያለባቸው፣ 201ዱ የሌለባቸው። በሽታቸውን አልነገሯቸውም፤ «መጥፎ ደም አለባችሁ» ብቻ ነው ያሏቸው። ትኩስ ምግብ፣ ነፃ ምርመራ፣ የቀብር ወጪ ይሰጧቸዋል። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ታወቀ። አልሰጧቸውም። በሽታው ሰውን እስከ መቃብር እንዴት እንደሚያደርስ ለማየት ዝም ብለው አዩአቸው፣ 40 ዓመት ሙሉ። የቆመው እ.ኤ.አ. 1972 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። እንግዲህ ይህ የመድኃኒት ሙከራ እንኳ አይደለም፤ መድኃኒት የመከልከል ጥናት ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. 1997 ነው፣ አብዛኞቹ ሞተው ካለቁ በኋላ።

«እሱ የሩቅ አገር ነው» እንዳትሉኝ፣ ካኖን ላንሳ። እ.ኤ.አ. 1996 ሰሜን ናይጄሪያ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ስትናጥ ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት ይዞ መጣ። 200 ሕፃናት ገቡ፤ 100ው አዲሱን፣ 100ው የታወቀውን ሴፍትሪያክሶን ወሰዱ። 11 ሞቱ፤ 5 ከአዲሱ፣ 6 ከነባሩ። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ መድኃኒቱ የባሰ አልነበረም። ቤተሰቦቹ የተነሱት በሌላ ነገር ነው፤ «ሙከራ መሆኑን የነገረን የለም፣ ልጃችንን ሊያክሙልን መስሎን ነው» አሉ። ኩባንያው «በቃል አስረድተን ፈቅደዋል» አለ። ክሱ ዓመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. 2009 ኩባንያው ጥፋት አላመንኩም ብሎ ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

ከዚህ የባሰው በመሃል የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. 2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አቆመች። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፣ ፖለቲካም ሃይማኖትም ነበረበት፤ ግን የ1996ቱ ቂም አንዱ ነው። ቫይረሱ ከሰሜን ናይጄሪያ ተነስቶ በቻድ፣ በሱዳን አድርጎ ተሰራጨ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ለዓመታት ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ትግራይ ላይ፣ እንደገና ሕፃን ሽባ አደረገ። ካኖ ላይ በቅጡ ያልተጠየቀ ፈቃድ የኛን ልጅ እግር ድረስ መጣ ብል አላጋነንኩም።

ወደ ቤታችን ስንገባ ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ስም አለ። አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ውስጥ፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። አህሪ ነው የምንለው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. 1970 ነው፣ መጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ምርምር። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. 1873 የሥጋ ደዌን ተዋሲ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ሐንሰን ተዋሲውን በመነጽር አየው፤ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ግን ማስረዳት አቃተው። እ.ኤ.አ. 1879 በርገን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ከአንድ በሽተኛ የወሰደውን ነገር በመርፌ አድርጎ የሌላዋን በሽተኛ ዓይን ወጋ። አላስፈቀዳትም። ሴትዮዋ ዝም አላለችም፣ አቤት አለች። እ.ኤ.አ. 1880 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አደረገው፤ ከሆስፒታሉ ሐኪምነቱ ተነሳ። ከኑረምበርግ 67 ዓመት በፊት፣ የድሃ የሥጋ ደዌ በሽተኛ አቤቱታ የተከበረ ሐኪም ላይ አስፈረደበት። ለታሪክ አስተማሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ዛሬ በሱ ስም በሚጠራው ተቋም ሰው ለጥናት ሲጠየቅ ቀድሞ የሚቀርብለት የፈቃድ ወረቀት ነው።

የዚያች ልጅ አባት ያለባቸው በሽታም እዚሁ ተጠንቷል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምናው 20 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ለወራት በየቀኑ መርፌ። መርፌው ከስትሬፕቶማይሲን ወገን ነው፤ አንዳንዱን ሰው ጆሮውን ይነሳዋል። እ.ኤ.አ. 2010 ከባንግላዴሽ አንድ ዜና መጣ፦ በዘጠኝ ወር ሕክምና ከ100 ሰው ወደ 88 የሚሆኑት ዳኑ። በዓለም ደረጃ ግን የሚሳካላቸው ግማሽ ገደማ ነበሩ። «በቃ፣ ምን ይጠበቃል፣ ሁሉም ወደ ዘጠኝ ወር ይቀየር» የሚያሰኝ ነው። ግን ባንግላዴሽ ላይ ንጽጽር አልነበረም።

ስለዚህ «ስትሪም» የተባለ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ተጀመረ። ከእ.ኤ.አ. 2012 እስከ 2015፣ 424 ሰዎች፣ በዕጣ። እኛ አገር ሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አህሪ ነበሩበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. 2019 ወጣ። አጭሩን የወሰዱት 78.8 በመቶ ተሳካላቸው። ረጅሙን የወሰዱትስ? 79.8 በመቶ! ልብ በሉ፣ ረጅሙ ሕክምና ያው በየአገሩ ግማሹን ብቻ ያድናል የሚባለው ነው። በቅርብ ሲከታተሉት፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሲቀርብ፣ ቀጠሮ የቀረው ሰው ሲፈለግ፣ እሱም 80 ገባ። አጭሩን ከዓለም ቁጥር ጋር ብቻ ቢያስተያዩት ተአምር ይባል ነበር። ከጎኑ እኩል እንክብካቤ ካገኘ ሰው ጋር ሲታይ ግን እኩል ነው። እኩል መሆኑም ትልቅ ነገር ነው፤ 11 ወር መርፌና ክኒን ያተርፋል።

ሁለተኛው ዙር ደግሞ «መርፌውን ብናስቀረውስ?» አለ። ኢትዮጵያ እዚህም ውስጥ አለች። በክኒን ብቻ የታከሙት 83 በመቶ ተሳካላቸው፣ በመርፌ የታከሙት 71 በመቶ፤ ጆሮው የተጎዳውም በክኒኑ ወገን አነሰ። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. 2022 ነው። የዛሬው በሽተኛ ያንን መርፌ የማይወጋው፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች በዕጣ መርፌው ስለደረሳቸውም ጭምር ነው። በካላዛርም እንደዚሁ ነው፤ ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2022 ያወጣው የሕክምና መመሪያ፣ ጎንደርና አብደራፊ ላይ በተደረገ ጥናት ላይ ጭምር የቆመ ነው። መተማና ሁመራ ለአጨዳ ወርዶ የታመመ የቀን ሠራተኛ ለሱዳንም መረጃ ሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ላይ ልምጣ። «የላብራቶሪ አይጥ ነው ወይ?» አይጥ ወረቀት አይሰጠውም፣ እምቢም አይልም። ግን ጥያቄውን አልንቀውም፤ ተስኪጊንና ካኖን ያየ ሰው መጠየቅ አለበት።

መድኃኒት ሰው ላይ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ በላብራቶሪና በእንስሳት። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ በጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ፤ እዚያ ጥያቄው «ይጎዳል ወይ?» ነው። ከዚያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ መጠኑና ምልክቱ ይታያል። ሦስተኛው ከነባሩ ሕክምና ጋር በዕጣ የሚወዳደርበት ነው። አራተኛው ገበያ ከወጣ በኋላ ያለው ክትትል ነው። «የስንተኛው ደረጃ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙ ሰው ደግሞ «ባዶ ክኒን ይሰጡኝ ይሆን?» ብሎ ይፈራል። የታወቀ ሕክምና ላለው እንደ ቲቢ ላለ ከባድ በሽታ የሚወዳደረው ነባሩ ሕክምና ነው፤ ባዶ ክኒን ብቻ ሰጥቶ ማስቀመጥ አይፈቀድም። በመሃል ደግሞ ከተመራማሪዎቹ ውጪ የሆነ ኮሚቴ ቁጥሩን እያየ፣ አንዱ ወገን በግልጽ እየተጎዳ ከሆነ ጥናቱ እንዲቆም ያደርጋል። እኛ አገር የተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ከዚያም በአገር ደረጃ ያለው፣ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አይጀመርም።

ፊርማ ላይ ያለን ፍርሃት ይገባኛል። እኛ ጋ ፊርማ ማለት ዋስ መሆን፣ ዕዳ መግባት ነው። ይህ ፊርማ ግን አያስርም። ነገ ተነስተህ «ይቅርብኝ» ብትል ምክንያት እንኳ አትጠየቅም፣ የተለመደው ሕክምናህም አይቋረጥም። «ከፈረምክ መውጣት የለም» የሚል ካለ እዚያው ጥላችሁት ውጡ። ማንበብ የማይችል ሰው በጥናቱ ውስጥ የሌለ ምስክር አጠገቡ ተቀምጦ ይነበብለታል፣ በጣቱ ይፈርማል። ወረቀቱ በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት፤ አማርኛ ሆኖም ካልገባው «እንደገና አስረዱኝ» ማለት መብቱ ነው። ነርሷ ስለቸኮለች መፈረም የለም። ወረቀቱን ወደ ቤት ይዞ ሄዶ ከልጅ፣ ከጎረቤት፣ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይቻላል።

እኔ ብሆን የምጠይቀውን ልንገራችሁ። ባልገባ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው? አዲሱ ከነባሩ በምን ይለያል፣ እስካሁን ስንት ሰው ወስዶታል፣ ምን አደረጋቸው? ጉዳት ቢደርስብኝ የሚያሳክመኝ ማነው፣ በስንት ጊዜ? ለምርመራ ስመላለስ ታክሲውን ማን ይችላል? ደሜ ወዴት ይሄዳል? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ የበጀኝ ከሆነ ይቀጥልልኛል ወይስ ይቆማል? ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ አትርሷት።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር ይኖራል። አንዱ የተመራማሪው ነው። ሁለተኛው ተመራማሪውን የሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ ቅር ያለው ሰው የሚደውለው እሱ ጋ ነው፣ ከፈረመም በኋላ፣ ሳይፈርምም። ለተማሪዬ ያልኳት ይህንኑ ነው፤ አባቷ ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ ጥያቄያቸውን በእጃቸው ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ጤና ላይ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ የምታውቁትን ከሥር ጨምሩበት፤ ይህቺ ልጅ ኮሜንቱን እያነበበች ነው።